ብርድ ልብስ የለበሰው ድስት

የበዓሉ ምሳ ዘንድሮ ከእኔ ቤት እንደሚወጣ የሰማሁት ከልጄ አፍ አልነበረም። የነገሩኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ናቸው። ስልክ ደውለው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩኝ ቆዩና መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ፣ ምራትሽ ምሳውን እሷ ቤት ልታደርገው ነው አሉ፣ አልነገሩሽም እንዴ? አሉኝ። ነግረውኛል ብዬ ዋሸሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የበዓል ምሳ የሚበላው እኔ ቤት ነው። ሌላ ሰው ምግብ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ማዕድ አንዴ ከቤት ከወጣ እንደማይመለስ በእናቴ አይቻለሁ። የወንድሜ ሚስት «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብላ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ እናቴ በበዓል ቀን እንደ ዕቃ በመኪና ተጭና ትመጣና፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ «ጠገብሽ?» ተብላ፣ ሳይመሽ ትመለሳለች። እስክትሞት ድረስ እንደዚያ ነበር። ምራቴ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። የሚወለደው ልጅ በዓል ሲባል የሚያውቀው የማንን ቤት እንደሚሆን ያን ቀን ይለያል ማለት ነው።

ምራቴ በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የሥራ መርሐ ግብር የምታወጣ ናት። ግንበኛው መቼ ይገባል፣ ቀለም ቀቢው መቼ ይወጣል፣ ያን በመስመር በመስመር ትሠራለች። የእኛንም ምሳ እንደ ሕንፃ ሠራችው። ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ከልጄ ጋር መጥታ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች፤ ቀዩ መስመር ሥጋ ነው፣ አረንጓዴው አትክልት፣ ሰማያዊው ዕቃ ማጠብ። የእኔ ድርሻ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«እርስዎ ዘንድሮ ይረፉ» አለችኝ።

በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው «ይረፉ» ሲሉት ምን ምን እንደሚሰማው እሷ አታውቅም፤ ወይም ታውቃለች። ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ወረቀቱን ሁለተኛ አላየሁትም። አጥፌ ሰጠኋትና፣ ቤትሽ ነው፣ እንደፈለግሽ አድርጊ አልኳት። ያ ወረቀት ላይ ዓይኔን ጣል ባደርግ ኖሮ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር።

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት በአንድ የሕፃናት መዋያ ወጥ ቤት ነው። እዚያ አንድ ሕግ ነበረን፤ ከእሳትም ከፍሪጅም ውጪ ሁለት ሰዓት የቆየ ምግብ ይደፋል። ሽታው ደህና ነው፣ ጣዕሙ ደህና ነው አይባልም፤ ይደፋል። ይህን ሕግ ወደ ቤትም ይዤው መጣሁ። ዘመዶቼ በሌለሁበት «አምቡላንስ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት እትዬ ያመጡትን የድንችና የእንቁላል ሰላጣ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንደቆየ ስሰማ፣ ሰው ሁሉ እያየ ገንዳ ውስጥ ደፋሁት። እትዬ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ጎድጓዳ ሳህን ባየሁ ቁጥር እሳቸውም ያዩኛል።

የበዓሉ ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ሩዝ በዶሮ፣ ካሮት ተከትፎበት፣ ለአሥር ሰው የሚበቃ። ምራቴ አይሳካላትም ብዬ ተመኝቼ አይደለም። ቢሆንም የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ የፈራሁት ቀርቶብኝ አያውቅም። ሁለት ሰዓት ላይ ከእሳት አወረድኩትና በጋዜጣ፣ ከዚያም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ድስቱን እንደ ታመመ ልጅ ተሸፋፍኖ ሲያየው ምንድን ነው አለኝ። መጠባበቂያ ነው አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እንኳ መጠባበቂያ ጎማ ስይዝ የሚነዳውን ጎማ ጠልቼው አይደለም» አለና ከመኪናው ኋላ ጫነው። እስካልጠራሁት ድረስ ስለ ድስቱ ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት።

እትዬን ከቤታቸው አንስተን አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። በእኔ ሂሳብ ምሳ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስድስት ሰዓት ነበርና። ድስቱ በብርድ ልብሱ ውስጥ እስከዚያ እሳት ላይ እንዳለ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን ስንገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ከወጥ ቤት ምንም ሽታ የለም። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ያን ጊዜ አነበብኩት። ሥጋው ኦቨን የሚገባው ሰባት ሰዓት ነው። ምሳ ዘጠኝ ሰዓት።

ድስቱን አስወጥቼ ፍሪጅ ላስገባው ብል፣ ገና ከበሩ ሳልገባ ምራቴን መስደቤ ነው። ዝም ብል፣ መኪናው ውስጥ ለብ ብሎ ይበላሻል። ምናልባት አያስፈልግም ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እትዬ ሶፋው ላይ ተመቻችተው፣ ዘንድሮ ምነው እጅሽ ባዶ? አሉኝ። እንዳርፍ ተነግሮኛል አልኳቸው። ይገባሻል፣ ብዙ ደክመሻል አሉኝ፤ እንደዚያ ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው።

ከምራቴ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ወጥ ቤት ደጃፍ ስንተላለፍ የተለዋወጥነው ቃል በጣት ይቆጠራል። ድንች ልላጥ ብላት ተልጧል አለችኝ። ሳህን ላድርቅ ብላት ዕቃ ማጠቢያው ራሱ ያደርቃል አለችኝ። ስለ ጨው አልጠየቅኋትም፣ ግን በሩ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ጨው እንደነሰነሰች ቆጠርኩ። እሷም መቁጠሬን አየች።

የበግ ጭን ነበር፤ ትልቅ፣ ገና ጥሬ። ሰባት ሰዓት ላይ አስገባችው። ስምንት ሰዓት ላይ በወረቀቱ «ዕረፍት» ይላልና እግሯ አብጦ ስለነበር መኝታ ክፍል ገባች። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። በመስታወቱ አጎንብሼ ሳይ ሥጋው እንደገባ ነው፣ ፊቱ እንኳ አልጠቆረም። ኦቨኑ መቶ ስልሳ ዲግሪ ላይ ነው። እርጉዝ ሴት ጥሬ ሥጋ ስትበላ፣ ሌሊት አምቡላንስ ሲመጣ፣ ልጄ ኮሪደር ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ሁሉም በዚያች ደቂቃ ዓይኔ ላይ መጣ። እጄ የኦቨኑን ቁልፍ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ አዞረው። አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ አልኩ።

ያኔ እትዬ ክኒኔን ፈልጊልኝ ብለው ጠሩኝ። ከቦርሳቸው ያላወጣሁት ነገር አልነበረም። ቀና ስል ምራቴ ተነስታ የወጥ ቤቱን በር ዘግታዋለች፤ የምግቡ ሽታ ልብሷ ላይ እንዳይገባ ብላ ነው። እሷ በሩ ፊት ወንበር አድርጋ ከልጄ ጋር እያወራች ጫማዋን ታጠልቃለች። በዚያ ላይ ምን ብዬ ልግባ? ውሃውን ጠጥቻለሁ። ተቀምጬ ደቂቃ ስቆጥር የጭስ ሽታው መጣ።

ምራቴ ስታወጣው ሥጋው ከሰል ሆኗል። ልጄ መስኮት ከፈተ፣ ኦቨኑን ሰደበ፣ የሸጠውን ሰው ሰደበ። ምራቴ ቢላዋ ወስዳ መሃሉን ሰነጠቀችው፤ ውጪው ከስሎ ውስጡ ገና ደም ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ አልፈስ እንዳለ ቀረ። ቁልፉን እኔ እንደነካሁት አልተናገርኩም። አዎ፣ ዝም አልኩ።

ባለቤቴ መሐላውን የረሳው ያን ጊዜ ነው። አይዟችሁ፣ ይቺ ሴትዮ መጠባበቂያ ይዛለች ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወረደ። ድስቱን በብርድ ልብሱ እንዳለ ታቅፎ መጥቶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠው። ምራቴ ብርድ ልብሱን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ከመጀመሪያውም እንደማይሆንልኝ ወስነው ነው የመጡት» አለች።

ባለቤቴ ክዳኑን ሲያነሳ የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም። ልጄ ትከሻዬን አቅፎ፣ እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር አለኝ። እኔ ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ማዕዱ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ምራቴም ተሸንፋ፣ ልጁ ርቦታል ብላ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ ከሁሉ በፊት ሳህኗን ሞላችና ማንኪያዋን አነሳች።

እጄን የድስቱ ጎን ላይ አሳርፌ ነበር። ትኩስም አይደለም፣ ቀዝቃዛም አይደለም። የታመመ ልጅ ግንባር ይመስላል። ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ።

ማንኪያውን ከእጇ ነጠቅሁ። ሩዙ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ተበተነ።

«ምን እየሆንሽ ነው እማዬ?» አለ ልጄ።

«ከድስትዎ እንኳ እንድበላ አይፈልጉም?» አለች እሷ፤ ድምጿ አሁን ተንቀጠቀጠ።

ተበላሽቷል አልኩ። ልጄ አጎንብሶ አሸተተና ምንም አልሆነም አለ። ባለቤቴ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ስለነበር ትፋው አልኩት፣ ዋጥኩት አለኝ። ርቧቸዋልና ሁሉም ደህና ነው ማለት ይፈልጋሉ። ዝም ብል ይበሉት ነበር፤ ምናልባትም ማንም ምንም አይሆንም ነበር። እትዬ ብቻ ሹካቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። አራት ዓመት የጠበቁት ሰዓት ነው፣ አልቸኮሉም።

«ከእሳት መቼ ወረደ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«አሁን ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ።»

«የእኔን ድንች የደፋሽው ገና ሦስት ሰዓት ቢቆይ ነው» አሉ እትዬ። «በይ እንግዲህ።»

ድስቱን አንስቼ ወጥ ቤት ወሰድኩት። ከባድ ነበር፣ ማንም አላገዘኝም። ጥቁር ላስቲክ ዘርግቼ በማንኪያ ስዝቅ ሩዙ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ከኋላዬ ምራቴ ገብታ በሩን ዘጋችው። ላስቲኩን አፉን ከፍታ ያዘችልኝ፤ ለማገዝ አይደለም፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽባት ነው።

«መቶ ስልሳ ላይ ነበር የተውኩት» አለች ቀስ ብላ።

የምክደው ነገር አልነበረም። ጥሬ መሰለኝ፣ ለልጁ ፈርቼ ነው አልኳት።

«እርስዎ የሚፈሩት ነገር ሁሉ የሚደርሰው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ። «ቀድመው ሄደው ስለሚጠሩት ነው።»

የመጨረሻውን ሩዝ ዛቅሁ። እሷ ላስቲኩን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከዚያ ዋጋውን ነገረችኝ። ለልጄ አትነግረውም፤ ጥፋቱ የኦቨኑ ነው እንዳለ ይቅር። የሚመጣው ዓመት በዓል ግን እዚሁ ነው፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እንደ ሥራ ውል ነበር፣ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ልጄ የኦቨኑን ቁልፍ እኔ እንደነካሁት ቢያውቅ፣ ጥግ ላይ ያለችው ወንበር እንኳ አትተርፈኝም።

ድንችና ሰላጣ በላን፣ አይብ በላን። ልጄ የሥጋውን ጥቁር ልጦ ውስጡን መልሶ ጠበሰው፣ እንደ ጫማ ሶል ቢሆንም ተበላ። እትዬ ሁለት ጊዜ ጨመሩ፤ እንደዚያ ቀን አምሮባቸው ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። ባለቤቴን በየአሥር ደቂቃው ሆድህ እንዴት ነው ስለው፣ ከአንቺ በቀር የሚያመኝ የለም ይለኛል።

ስንነሳ ምራቴ እስክሪብቶ ይዛ ፍሪጁ ጋ ሄደች። ከወረቀቱ ግርጌ «የሚመጣው ዓመት» ብላ ጽፋ አሰመረችበት። ሥጋውን ለልጄ፣ ሰላጣውን ለእትዬ ሰጠች። እትዬ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ። ከሁሉ መጨረሻ የእኔን ጻፈች፤ ዳቦ። ከዳቦ ቤት የሚገዛ፣ የማይጣድ፣ የማይሞቅ፣ ማንም በእሱ ማንንም የማያሸንፍበት ነገር።

«ዳቦ መቼም አይበላሽብሽም» አለኝ ልጄ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት።

«ይሻግታል» አሉ እትዬ፣ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባዶው ድስት ከመኪናው ኋላ በየመታጠፊያው ይንኳኳል፤ ብርድ ልብሱን እትዬ እግራቸው ላይ ጣል አድርገውታል። እኔ መስኮቱን እያየሁ ስለ ዳቦ አስባለሁ። በበዓል ቀን ዳቦ ቤት ቢዘጋስ? ከዋዜማው ብገዛው ይደርቃል። ከሁለት ዳቦ ቤት መግዛት ነው የሚሻለው፣ አንዱ ቢጠፋ። ባለቤቴ በመስታወቱ አየኝና ምን እያሰብሽ ነው አለኝ። ምንም አልኩት።