ኪሎ በስምንት ኩባያ

ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት ከላካት በኋላ እህቴ «አልጋዬን ማእድ ቤት አስገቡልኝ» አለች። ሳሎኑ ይሻልሻል ብንላት አልሰማችንም።

ዳቦ ጋግራ ለሱቆች እያስረከበች ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። የእኔ የስፌት ፋብሪካ ደመወዝ ለራሴም አልበቃ ብሎኛል። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን በግንበኝነት ጨርሶ ኖራው ዓይኑን አደከመው። የሰው መልክ ይለያል፤ የሚዛን ቁጥር ግን አይታየውም። እህቴ ደግሞ ያለ ሚዛን ጋግራ አታውቅም። ስለዚህ ሳትሞት መጨረስ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግራሙን ሁሉ ወደ ኩባያ ቀይራ ለአባዬ ማስረከብ። ከእሷ በኋላ የሰው እጅ እንዳያይ።

ሚዛኑን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጥላታለሁ። ባዶውን ኩባያ ትመዝናለች፣ ዱቄቱን በማንኪያ ቀስ አድርጋ ትሞላለች፣ አፉን በቢላ ጀርባ ትጠርግና መልሳ ትመዝናለች።

«ኪሎ ዱቄት ስምንት ኩባያ። ኪሎ ስኳር አምስት» አለችው።

«ኪሎ ያው ኪሎ ነው፤ ምን አለያየው?»

«አንተ ግንበኛ! ባልዲ አሸዋና ባልዲ ኖራ እኩል ይከብዳል?»

«እህ፣ እንደሱ በይኛ!»

ቁጥሩን ወዲያው ያዘ። እጁ ግን እምቢ አለው። ኩባያውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ዱቄቱ ሲሰምጥ ይጨምርበታል፣ በአውራ ጣቱ ይጠቀጥቀዋል። ሠራተኛ እንዳያጎድልበት አሸዋ ሲያስሰፍር የኖረው እንደዚያ ነው። ስምንቱ ኩባያ ከኪሎ ያልፍና ዳቦው ድንጋይ ሆኖ ይወጣል።

«በዚህስ ቤት ይሠራበታል» ትላለች። እንስቃለን። ሳቋ ሳል ሲሆንባት ደግፌ ቀና አደርጋታለሁ።

አንድ ቀን ግን መረራት። «አትምታው አልኩህ! እኔ ስሄድ ማን ሊነግርህ ነው?»

አባዬ ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ። ተከተልኩት። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ከቻልኩበት ጥላኝ ትሄዳለች» አለኝ።



ከዚያ በኋላ ማንኪያ ማንሳት አቃታት። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባዬ ቀድሞኝ ማእድ ቤት ገብቷል። በግራ እጁ ኩባያውን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በቀኙ ዱቄቱን በማንኪያ ያንጠባጥባል። አልመታውም። በቢላ ጀርባ ጠረገው። መዘንኩት፤ ልክ ነበር። እሷ ከአልጋዋ እጁን እጁን ታያለች።

ዳቦው ሲወጣ ቆርሼ ወሰድኩላት። መዋጥ ካቆመች ቆይታለች። በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጎድጎድ ብሎ ተመልሶ ተነሣ።

«አሁን ሆነ» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

መቃብሩ ላይ አፈር መልሰው ሲጨርሱ አንዱ ቆፋሪ በአካፋው ጀርባ ይደበድበው ጀመር። አባዬ ሄዶ የአካፋውን እጀታ ያዘ።

«አትጠቅጥቀው።»

«አባባ፣ ካልተጠቀጠቀ ዝናብ ሲመታው ይሰምጣል እኮ።»

«አውቃለሁ። ግንበኛ ነኝ። ተወው።»

ዝናቡ ብዙም ሳይቆይ መጣ፤ ሰመጠም። አባዬ መጀመሪያ የዕለቱን ዳቦ ለሱቆቹ አስረከበ። ከዚያ ባልዲውን አንሥቶ አፈር ሊሞላላት ሄደ።