ቀለም የሌለው መድኃኒት

«ውሃ ነው የሰቀለለት» አለች የሟች ሚስት፣ ወደ ታላቅ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

እህቷ የሻይ ብርጭቆዋን ከአፏ መለሰችና በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች። የሟች ታናሽ ወንድም፣ ነርሱ፣ ለሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ ወንበር ያቀርባል። «ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ። ከሰዓት ዘመድ ሲሰበሰብ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም።»

«ቤት ልታፈርሺ ነው?»

«ቤቴማ ፈርሷል።»

ባልና ሚስቱ የሚተዳደሩት ቆዳ አቅልመው ቦርሳ በመስፋት ነበር። ሟችን ሰው ሁሉ «አይለቅም» ይለዋል፤ ደንበኛ ቦርሳ ሲያገላብጥ ማንም ሳይጠይቀው «አይለቅም!» ስለሚል። ያለቀለትን ቆዳ ጠርዙን ቀዶ ካላየም አያምንም። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ነጭ ከሆነ ወዲያ ይወረውረዋል። እሷ «ውስጡን ማን ያይብሃል?» ብላ ትነዘንዘዋለች። «እኔ» ይላታል። ችኮ ነበር፤ ሲያበግናትም ትወደው ነበር።

ሐኪሙ «ሕመሙ ቆሽት ላይ ነው» ያለ ዕለት እንኳ ወደ እሷ ዞሮ «ይኸው! ስታሳርሪው ኖረሽ!» አላት። በዚያ ሁሉ ስቃይ መሃል አሳቃቸው።

ከአልጋው በላይ የተሰቀለው መድኃኒት ቢጫ ነበር። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ከቀለም ጋር ኖራለችና ቢጫነቱን ስታይ ልቧ ሞላ፤ ይሄስ ኃይል አለው አለች። ከዚያ እዚያው ሆስፒታል የሚሠራው ነርሱ መጣ። በሩ ላይ ከሐኪሙ ጋር ተንሾካሾከ፣ ቢጫውን አወረደና እንደ ውሃ የጠራ ሌላ ሰቀለ። ምንድነው ብትለው «ይሄ ይሻላል» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። ባሏ ከዚያ አልጋ አልተነሳም።

እስከ ከሰዓት መታገሥ አልቻለችም። ነርሱ ሻይ ይዞላት መጥቶ «እትዬ፣ እባክሽ ትንሽ ቅመሺ» ሲላት አፈነዳችው።

«ቢጫውን ለማን ሰጠኸው?»

«የቱን ቢጫ?»

«አትጃጃልብኝ! ደህናውን አውርደህ ውሃ የሰቀልክበትን!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ነርሱ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ቆሽት ሁሉንም መድኃኒት አያስገባም» አለ። «ቢጫው ደሙን ሞልቶት ነበር፤ ኢንፌክሽኑ ያለው ግን ቆሽቱ ውስጥ ነው፣ እዚያ የሚዘልቀው ደግሞ ጥቂቱ ብቻ ነው። የጠራው የተሻለ ሰርጎ ይገባል። ለዚህ ነው ሐኪሙ የቀየረው።»

«ሰርጎ ከገባ ታዲያ ለምን ሞተ?»

«ግማሹ ቆሽት ሞቶ ነበር። ደም የማይደርስበት መድኃኒትም አይደርስም።»

ይህን ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። የሞተ ሥፍራ ያለበት ቆዳ የፈለገውን ያህል ቢዘፈዘፍ ያቺን ቦታ ቀለም እንደማይነካት ታውቃለች። ጥርጣሬዋ ግን ገና አልለቀቃትም።

«ዓይኔን ለምን ሸሸኸኝ?»

ነርሱ ወደ ለቀስተኛው ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እሷ። አሁን ዓይኑን አልሰበረም። «የሆዱን የምርመራ ምስል አይቼው ነበራ። ተስፋው የመነመነ ነበር። ወንድሜም ነገሩ ገብቶት ነበር። ‹እሷ እንዳትሰማ፣ ላዩን እያየች ትቆይ› አለኝ። አስማለኝ፣ እትዬ።»

ቃሉ የባሏ ነው፤ ማንም ሊፈጥረው አይችልም። ለደንበኛ ቆዳ የሚቀድ ሰውዬ ለሚስቱ ላዩን ብቻ አሳይቷት ሄደ። ተናደደችበት። ከነንዴቷ ናፈቃት። የልጁ ምስኪንነት ደግሞ አሁን ታያት፤ ወንድሙን እያጣ ምስጢሩንም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል።

ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ መሬት አኖረችው። እጅጌውን ይዛ ጎተተችና ጎኗ አስቀመጠችው። ሸሚዙን አዛንፎ ነው የቆለፈው፤ አንዱ ወገን ከሌላው ወርዷል።

«እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ፊት የቆምከው?» አለችው።

የነርሱ ትከሻ ይርገፈገፍ ጀመር። እሷም ሰው ሁሉ እያያት ቁልፎቹን ከታች ጀምራ ፈታች፤ ከዚያ አንድ በአንድ በየቦታቸው ቆለፈችለት።