ስድስተኛው ቁጥር

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሰልፍ ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ። የሕመምተኞቹ መዝገብ ያለበት ሰርቨር ቆሞ ነበር። ካርድ የሚያወጡት ሠራተኞች ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያ ለመሳቢያ ይራወጣሉ።

ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ችግሩን ያገኘችው “ቀስ በቀስ” የሚሏት ባለሙያ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሰው ሲጣደፍባት ሁልጊዜ “ቀስ በቀስ” ስለምትል። የሰርቨሩ ዲስክ እስከ አፉ ሞልቷል። የማያስፈልጉ አሮጌ ፋይሎችን አጥፍታ ቦታ አስለቀቀች፣ ሰርቨሩን መልሳ አስነሣች፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ክፍሉ ሰርቨሮቹን ቀን ከሌት የሚከታተል ሶፍትዌር አለው። ዲስክ ሊሞላ ሲል ወይም አንዱ ሰርቨር ሲታመም፣ ሶፍትዌሩ ስክሪፕት የሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ይጠራል፤ ስክሪፕቱ ደግሞ በክፍሉ ሰዎች ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። ዲስኩ መሙላት የጀመረው እሑድ ነው። ሰኞ ሁሉም ስብሰባ ላይ ስለዋለ ስክሪኑን ያየ አልነበረም። የማንቂያው ቀይ ምልክት ግን እዚያው ነበር። መልእክት የደረሰው ሰው የለም።

የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ከወንበሯ ኋላ ቆመ።

“ዘበኛው ሌባውን አይቶታል ማለት ነው፤ ግን አልጮኸም።”

“ጮኋል። ድምፁ ነው ያልወጣው።”

“ድምፁን ምን ዋጠው?”

“ቀስ በቀስ ይገኛል” አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

መጀመሪያ ስክሪፕቱን በራሷ እጅ አስኬደችው። መልእክቱ ወዲያው ስልኳ ላይ መጣ። እሰይ ብላ ከሶፍትዌሩ በኩል የሙከራ ማንቂያ አስነሣች። ዝም። እንደገና በእጇ አስኬደችው፤ መጣ። በሶፍትዌሩ ሞከረችው፤ ዝም። የኔትወርኩን ገመድ ነካካች፣ ሶፍትዌሩን አጥፍታ አበራች። እንደዚያው ነው። በስልኳ ላይ የቆዩትን መልእክቶች ወደ ኋላ እየገፋች ስታይ የመጨረሻው ማንቂያ የመጣው ከሰባት ሳምንት በፊት ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስልኮቹ ዝም ሲሉ፣ “ሰርቨሮቻችን ጤና ሆኑ” እያሉ ፈጣሪን ሲያመሰግኑ ኖረዋል።

ምሳ ሳትበላ ሰዓቱ አለፈ። በመጨረሻ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ስክሪፕቱን ለጻፉት ሰው ደወለች። ሰውየው በቅርቡ ጡረታ የወጡ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው፤ ኪሳቸው ከሽቦ ቁራጭ ተለይቶ ስለማያውቅ ሁሉም “ጋሽ ሽቦ” ይላቸዋል። ስልኩ አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጮህ አነሡት።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ ነው።”

“አስቸግሪኝ እስቲ። ከተቸገርኩ ስንት ጊዜዬ።”

ነገሩን ነገረቻቸው። አላቋረጧትም። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“በእጅሽ ስታስኬጂው በማን ስም ነው የገባሽው?”

“በአስተዳዳሪው ነዋ።”

“ሶፍትዌሩስ በማን ስም ነው የሚጠራው?”

“በራሱ…” አለችና ወደ ስክሪኑ ዞረች።

“አየሽ፣ አንቺ ባለቁልፍ ነሽ፤ የትም ብትገቢ ማን ይጠይቅሻል። እሱ ግን የራሱ ትንሽ ስም ነው ያለው፤ በር ካልተከፈተለት ደጅ ቆሞ ይቀራል። እስቲ በእሱ ስም ገብተሽ አስኪጂው።”

በሶፍትዌሩ ስም ገብታ አስኬደችው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ የስልክ ቁጥሮቹን ፋይል ለማንበብ ፈቃድ የለህም ይላል። ፋይሉ የት እንዳለ ስታይ ፊቷ ጋለ። የተቀመጠው በጋሽ ሽቦ የግል ፎልደር ውስጥ ነው። ያን ፎልደር፣ እሳቸው ጡረታ በወጡ ማግስት፣ በደንቡ መሠረት የዘጋችው ራሷ ነች።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በርዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ።”

“አንቺማ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። የመሥሪያ ቤት ነገር በግል ኪስ ይቀመጣል? ለሙከራ ብዬ ነበር እዚያ ያኖርኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሞከርኩ” አሉና ሳቁ። ሲሳሉ ቆይተው፣ ሌላ የተበላሸ ነገር እንደሌለ ሁለት ጊዜ ጠይቀው፣ ቅር እያላቸው ስልኩን ዘጉ።

ፋይሉን ለሶፍትዌሩ ወደሚከፈት ቦታ አዛወረችው። ከማዛወሯ በፊት ግን ከፈተችና ቁጥሮቹን ቆጠረች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አምስት ናቸው፤ የተጻፉት ቁጥሮች ስድስት። አምስቱን ታውቃቸዋለች፤ ጋሽ ሽቦ የራሳቸውን ጡረታ ሲወጡ አጥፍተውታል። ስድስተኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። የሆስፒታል ነገር ለማይታወቅ ሰው ሲላክ መኖሩ አሳሰባትና ቁጥሩ ላይ ደወለች።

አንዲት ሴት አነሡት። ከጀርባ የልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣ ነበር፤ ቆመ።

“እንደምን ዋሉ፣ ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ነው የምደውለው። ቁጥርዎን እዚህ አንድ ዝርዝር ውስጥ አግኝቼው…”

“ምነው፣ ሰርቨሩን አመመው እንዴ?” አሉ ሴትዮዋ።

ቀስ በቀስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። “የትኛውን ሰርቨር?”

“እኔ በምን አውቄ። ቁጥር ሦስት አይደል አስቸጋሪው?”

ረፋዱ ላይ የቆመውም ቁጥር ሦስት ነበር። ሴትዮዋ መገረሟን በስልክ ውስጥ የሰሙት መሰለ፤ ሳቅ አሉ። “የሽቦው ሚስት ነኝ፣ ልጄ። እናንተ ሽቦ አይደል የምትሉት? አሁን የለም፤ የጎረቤት ደወል ሊጠግን ወጥቷል። የጎረቤቱ ደወል ደህና ነበር፤ ይኸው እሱ ሊጠግነው ሄደ።”

ከዚያ ታሪኩን ነገሯት። የመጀመሪያው መልእክት የመጣ ቀን ሰው ተሳስቶ የላከው መስሏቸው ነበር። ያን ቀን ባላቸው አምሽቶ፣ ደክሞት መጣ። ሁለተኛው ሲመጣም እንደዚያው። ስፌት ልኬት ነውና፣ ልኬቱን ያዙት። ዲስክ የሚል ቃል ካለበት ሰውየው ሳይበላ ነው የሚመጣው። ኔትወርክ የሚል ከሆነ ተናዶ ነው የሚገባው፤ የቤቱ ቧንቧ ቢፈስ እንኳ የዚያን ዕለት አይነግሩትም። ሙቀት የሚል ሲመጣ ደግሞ የማሽኑ ክፍል ማቀዝቀዣ ቆሟል ማለት ነውና ንጹሕ ሸሚዝ አውጥተው ወንበሩ ላይ ያኖሩለታል።

“እሳቸው ያውቃሉ?”

“ምኑን ያውቃል። ብነግረው ያጠፋው ነበር፤ ደንብ ወዳድ ነው። እንዳትነግሪው አደራ።” ከዚያ ቀጠሉ። “አሁን ቁጥሬን አጥፊው፤ ግድ የለም። ሰውየው እቤት ነው፤ ፊቱን አይቼ እደርስበታለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመልእክቱ ማንበብ ይቀል ነበር። ጠዋት ይነሣል፣ ይለብሳል፣ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ሁለት ጊዜ የስፌት መኪናዬን ፈታታ። ቅድም ደውለሽለት ነው አይደል? ሲወጣ እያፏጨ ነበር።”

ቀስ በቀስ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቁጥሩን ከዝርዝሩ አወጣች። ከዚያ ቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

“ጋሽ ሽቦ የጻፏቸው ስክሪፕቶች አሥራ ሰባት ናቸው። የአንዱን ጉድ ዛሬ አየን። የቀሩት ምን እንዳለባቸው የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ቢያስረዱኝና ብጽፈውስ?”

ኃላፊው አገጩን አሻሸ። “ይመጣሉ ብለሽ ነው?”

“ይመጣሉ።”

ሐሙስ ጋሽ ሽቦ ከሁሉም ቀድመው፣ በሩ ሳይከፈት ደረሱ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ከጎኗ ወንበር ስበው ተቀመጡና ገና ምንም ሳይባል የቁጥሮቹን ፋይል እንድትከፍትላቸው ጠየቋት። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ።

“አምስት” አሉ።

“አዎ ጋሼ። አምስት ነን።”

“ስድስት ነበሩ።”

የሚስትየው አደራ አለባት። ወደ ቁልፎቹ አጎንብሳ ያልተጠየቀችውን መጻፍ ጀመረች። ጋሽ ሽቦ ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“የባለቤቴ ነው። ስክሪፕቱን የጻፍኩ ዕለት ሌላ የምሞክርበት ስልክ አጣሁና የእሷን አስገባሁ። ማግስቱን ላጠፋው ነበር። ማታ ቤት ስደርስ ግን ምግቡ ትኩስ ነው፤ ለምን አመሸህ የሚል የለም። ሌላ ቀንም እንዲሁ። ምንም ሳልናገር የዋልኩበትን ታውቀዋለች።” መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። “እኔ አፍ የለኝም፣ ልጄ። ዛሬ ከፋኝ፣ ዛሬ ደከመኝ ማለት አልችልበትም። ማሽኑ ይነግርልኛል። ታዲያ እንዴት ብዬ ላጥፋው? የማውቅ አይመስላትም። እንዳትነግሪያት።”

“አልነግርም” አለች ቀስ በቀስ። ለሁለቱም አንድ ቃል ገባች። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሌላ ነገር አነሣች። “ግን ጋሼ፣ አሁን ማሽን የለም። ማን ይንገርልዎት?”

ጋሽ ሽቦ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

“ትናንት ማታ ሞክሬ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “እቤት መዋሉ ከበደኝ አልኳት።”

“ምን አሉዎት?”

“አውቃለሁ አለች። ከዚያ ሻይ አፈላች።” ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። “በይ፣ ሁለተኛውን ስክሪፕት ክፈቺ። ይኼኛው የባሰ ነው፤ አሳፋሪ ነገር አለበት።”

እስከ ምሳ ሰዓት አራቱን ጨረሱ። እሳቸው እየተናገሩ፣ እሷ እየጻፈች፣ አንዳንዴም እሷ እያረመቻቸው። ከዚያ ሶፍትዌሩ ራሱ ማንቂያ እንዲያነሣ አደረጉት። አምስት ስልኮች ባንዴ ጮኹ፤ የኃላፊው ከስብሰባ አዳራሹ ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ። ጋሽ ሽቦ ኮታቸውን ደረቡ።

ሚስትየው ጨርቅ ሊገዙ ወጥተው ኖሮ በር ላይ ይጠብቋቸዋል። ቀስ በቀስ በመስኮቱ አየቻቸው። ጋሽ ሽቦ የጨርቁን ጥቅል ከሚስታቸው እጅ ሊቀበሉ ፈለጉ፤ ሴትዮዋ ከለከሏቸው፤ መንገዱን በየት በኩል እንደሚሻገሩም ተከራከሩ። በመጨረሻ ጥቅሉን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየተጨቃጨቁ፣ መኪናው ሲያልፍላቸው ተሻገሩ።