ወርድ እምቢ ያለ ዕለት

ሙቢና አሰላ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ማመልከቻ እየጻፈች ትተዳደራለች። ከዴራ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ቀኝ እጇ ሽባ ሆኗል። የምትጽፈው በግራዋ ብቻ ነው። ይሁንና ማንም አይቀድማትም፤ ምክንያቱም ለዓመታት ኮምፒውተሯ ላይ አቋራጭ ስትሞላ ኖራለች። ሁለት ፊደል ስትነካ የይግባኝ መግቢያው በሙሉ በኦሮምኛ ይዘረገፋል። ኪቦርዷን ሰው ከነካባት ትቆጣለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳምራ የምትባል ነርስ ገባች። ከደሴ ተመድባ የመጣች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንሹን ልጇን ዑራኤልን ብቻዋን ታሳድጋለች። የባሏ እህት ግን “ሌሊት ሌሊት ሥራ ላይ ናት፣ ልጁን የሚያየው የለም” ብላ ከሰሰቻትና ፍርድ ቤቱ ልጁ ኢተያ ሄዶ ከአክስቱ ጋር እንዲኖር ወሰነ። ይግባኝ ካላለች ሰኞ ታስረክባለች። የይግባኙ ጊዜ ደግሞ ዛሬ ያልቃል።

“ሲስተር፣ እስካሁን የት ነበርሽ?” አለች ሙቢና።

“ጠበቃው እጽፍልሻለሁ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ስልኩን ዘጋው።”

ሙቢና ውሳኔውን አነበበች፣ ጥቂት ጠየቀቻትና የመጻፊያውን ፕሮግራም፣ ወርድን፣ ከፈተች። ሰማያዊው ምልክት ብቅ አለና ጠፋ። ደገመችው። አሁንም ብቅ ብሎ ጠፋ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ሳምራን ይዛ እንደ እሷ ማመልከቻ ወደምትጽፈው ጎረቤቷ ወደ ነቢላ ሮጠች። ነገ በዓል ስለሆነ ሁሉም ጉዳዩን ዛሬ ሊጨርስ መጥቶ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ተመልሰው መጡ።

ሙቢና ኮምፒውተር ለሚያስተምረው ለበእውቀቱ ደወለች።

“ቲቸር፣ ወርድ እየተከፈተ ይዘጋብኛል!”

በእውቀቱ ይህንም ያንንም አስሞከራት። መጨረሻ ላይ፣ “የተበላሸው ሴቲንጉ ነው። እሱን አጥፍተሽ እንደ አዲስ ማስጀመር ብቻ ነው የቀረው” አላት።

“አቋራጮቼስ?”

“አብረው ይጠፋሉ። ነገ እኔ ራሴ መጥቼ ብሞክር ምናልባት ላወጣቸው እችል ይሆናል። በስልክ ግን አልችልም።”

ሙቢና ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ሳምራ ደረቷ ላይ ያቀፈችውን ውሳኔ አየች። “ሌላ ቦታ ሞክሪ” ልትላት ቃጥቷት ነበር። ማን ይወቅሳታል? ማሽን ተበላሸ ይባላል፣ አለቀ።

“ምን አለሽ?” አለች ሳምራ። “አይሠራም?”

“ይሠራል” አለች ሙቢና። ስልኩን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። “ቲቸር፣ ንገረኝ።”

እሱ እየነገራት፣ እሷ በአንድ እጇ እየነካች ሄደች። መሀል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሳምራ በራሷ ስልክ ደጋግማ ደወለችለት፤ በስንት መከራ ተገኘ። በመጨረሻ “እርግጠኛ ነዎት?” የሚል ጥያቄ መጣ። ሙቢና ዓይኗን ጨፍና “አዎ” የሚለውን ተጫነች።

ወርድ ተከፈተ። ነጭ ገጽ ወጣ። ከልምዷ የተነሳ ሁለቱን የመግቢያ ፊደላት ነካች፤ ሁለቱ ፊደላት ብቻ እዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እየለቀመች መጻፍ ጀመረች። ተሳሳተች፣ አጠፋች። ሳምራ በመስኮት የፍርድ ቤቱን በር እያየች ነበር። ባለጉዳዮች እየወጡ ነው።

“ሁለት እጅ አለኝ” አለች በድንገት። “ኦሮምኛ አልችልም እንጂ ፊደሉ የእንግሊዝኛው ስለሆነ አውቀዋለሁ። አንቺ ጥሪልኝ።”

ሙቢና ወንበሩን ለመልቀቅ ተቸገረች። ከዚያ ተነሳች።

“ማና ሙርቲ፣ ፍርድ ቤት ማለት ነው። ኤም፣ ኤ፣ ኤን፣ ኤ። ቦታ ተይ። ኤም፣ ዩ፣ አር፣ ቲ፣ አይ፣ አይ።”

“አይ ሁለት ጊዜ?”

“ሁለት ጊዜ! አንዱን ካስቀረሽው ይበላሻል።”

ሳምራ ትርጉሙን የማታውቀውን የራሷን ጉዳይ ፊደል በፊደል ጻፈች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ “ይሄ ምን ማለት ነው?” አለች።

“‘እናቱ በሕይወት እያለች’ ነው የሚለው። ዝም ብለሽ ጻፊ።”

ሳምራ እንባዋን በክርኗ ጠረገችና ቀጠለች።

ያተሙትን ወረቀት ይዘው አስፋልቱን ሲሻገሩ አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው። መዝገብ ቤት የሚሠሩት አቶ ፊሊጶስ በሩን ሊቆልፉ ቁልፍ ይዘው ቆመው ነበር።

“እባክዎ፣ ጊዜው ዛሬ ያልቃል፤ ይሄ ሰኞ ቢመጣ ዋጋ የለውም” አለች ሙቢና እያለከለከች።

አቶ ፊሊጶስ አንዷንም ሌላዋንም አዩና ተመልሰው ገቡ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሳምራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ሰኞ ልጁ አልሄደም፤ እግድ ተሰጠ። ክርክሩ ግን ክረምቱን ሙሉ ቆየ። በእውቀቱም መጥቶ ሞከረ፤ የወጣ ነገር የለም። ሳምራ ከተረኝነት ስትወጣ እየመጣች ኪቦርዱ ላይ ትቀመጥና፣ ሙቢና እየጠራችላት አቋራጮቹን እንደገና ትሞላላት፣ የቃላቱንም ትርጉም ትጠይቃት ጀመር። አንዳንዴ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሙቢና አሁንም ወንበሯን በደስታ አትለቅም።

የይግባኙ ውሳኔ በኦሮምኛ ሲነበብ ሁለቱም ችሎት ነበሩ። አስተርጓሚው ገና አፉን ሳይከፍት ሳምራ የሙቢናን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

“ቆይ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ይቆይ ነው ያሉት?”

“ዝም በይ” አለቻት ሙቢና በሹክሹክታ። “ጨርሰው ያንብቡ። አዎ፣ ነው ያሉት።”