የማዘናጊያ ሽርሽር

ፊት ለፊት ከሚመጣ ጠላት ይልቅ፣ እያሳቀና እያበላ የሚከዳ ወዳጅ የከፋ በደለኛ ነው። ጠላት የሚወስደው በእጃችን የያዝነውን ነው፤ ከዳተኛ ወዳጅ ግን ያለፈውን ደስታችንን ሳይቀር ተመልሶ ያበላሽብናል። ቅጣቱም ከሩቅ አይመጣም፤ ከገዛ ልጁ አፍ ይወጣበታል። የአዋላጇና የባሏ ታሪክ ይህን ያስረዳል።

አዋላጇ ዕረፍት የሚባል ነገር የማታውቅ ሴት ነበረች። የሰው ልጅ ስትቀበል ትውልና ማታ የራሷን አንዲት ልጅ፣ ሚጡን፣ አቅፋ ትተኛለች። ባሏ የመሬት ቀያሽ ነው። የእሱ ታላቅ እህት እቴቴ በትልቁ ከተማ ብቻዋን የምትኖር ሀብታም ሴት ስትሆን፣ «ሚጡን ስጡኝና እዚህ ላስተምራት» ባለች ቁጥር አዋላጇ «ልጄን በቁሜ ለሰው አልሰጥም» ብላ አፏን ታስይዛታለች። ባልየውም «ያንቺ ፈቃድ ነው፣ በቃ» ብሎ ነገሩን የተወው መሰለ።

አንድ ቀን ግን እንዲህ አላት፦ «ደክሞሻል፣ የኔ እመቤት። እቴቴ እዚሁ መጥታ ሚጡን ትያዝልንና፣ እስቲ እንደ ድሮው ብቻችንን ወጣ እንበል።» ልቧ ቀለጠ። ልጇን ደጋግማ ስማ መኪና ውስጥ ገባች።

ጉዞው ጥሩ ነበር፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ በቅጠል ተጠቅልሎ በፍም ላይ ሲበስል ቆመው አዩ፤ እሾሁን እየለቀመ አጎረሳት። ከፈረሰው ግንብ ላይ ወጥተው ሸለቆውን ቃኙ፤ ፏፏቴው ሥር በስብሰው እንደ ልጅ ተንከተከቱ።

«እንዲህ ወፍረሽ ብትመለሺ ሚጡ አታውቅሽም» ይላታል።

«ወይ አንተ! ያንተ ሆድ አይደል እንዴ ከአንተ ቀድሞ በር የሚገባው!»

ብቻ ለእቴቴ በደወለች ቁጥር ሚጡ አትገኝም። አንዴ ጎረቤት ልትጫወት ሄዳለች፣ አንዴ ገላዋን እየታጠበች ነው፣ አንዴ እንቅልፍ ወስዷታል። ባልየው «ልጅ አይደለች? ረስታሻለች!» ብሎ ይስቃል፤ እሷም ቅር እያላት ትስቃለች።

በአይቡና በማሩ የታወቀ አንድ የተራራ መንደር ሲደርሱ፣ ባልየው ሊገዛ ሲወርድ ስልኩን መኪናው ውስጥ ረሳው። ስልኩ ጮኸ። «እቴቴ» የሚለውን ስታይ፣ የልጇን ድምፅ ልትሰማ ተስገብግባ አነሳችው፤ ነገር ግን አፏን ሳትከፍት እቴቴ ቀደመቻት።

«አንተ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ትምህርት ቤቱ ተቀብሏታል። እኔ ቤት ከገባን ጀምሮ ስታለቅስ ነበር፤ ‹እናትሽ ራሷ ናት የሰጠችኝ› ስላት ጭጭ አለች። በል እንግዲህ፣ ትምህርት እስኪጀመር ሚስትህን እንዳትመልሳት። አብላት፣ አስቃት፣ አዘናጋት!»

ዓሣው፣ ፏፏቴው፣ ሳቁ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለበጠባት። የጎረሰችው ሁሉ የልጇ ዋጋ ኖሯል።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ጠግቤያለሁ።» ስልኩን ዘጋችው።

ባልየው አይብ ላይ ማር አስፈስሶ ጣቱን እየላሰ መጣ። «ቅመሺ እስቲ፣ ምላስ ያስቆረጥማል!»

«ልጄ የት ናት?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ተይ እንጂ፣ ስሚኝ... ለእሷው ብዬ ነው። እዚያ የምታገኘውን ትምህርት...»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እምቢ ትያለሻ!»

«ብያለሁ እኮ! ሰምተኸኝም ነበር።» እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን አምጣ።»

እስከ ትልቁ ከተማ እሷ ነዳች፤ እሱ ማሩ እጁ ላይ እየደረቀ አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን በከፈተ ቁጥር የመኪናውን ፍጥነት ትጨምር ነበር።

ሚጡ በእቴቴ ሳሎን ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷን አይታ አልሮጠችም። «እማዬ፣ ለሽርሽር ብለሽ ነው የሰጠሽኝ?» አለች ብቻ። እቴቴ ጣልቃ ልትገባ ስትል አዋላጇ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘቻት። ከዚያም ተንበርክካ፣ ማን ምን እንዳደረገ አንድም ሳትደብቅ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቱ መጀመሪያ አባቷን አየችው፤ ቀጥላ በእናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች።

መጨረሻው ይህ ሆነ። አዋላጇ ባሏን ከቤት አስወጣችው፤ ዘመድ አዝማድ ቢለምናትም ሐሳቧን አልለወጠችም። ለእቴቴም በሩ ተዘጋ። ቀያሹ ዛሬ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ እሁድ እሁድ ልጁን እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ልጅቱ አትሸሸውም፣ አትሰድበውም። አፏን ከፈታች ጀምሮ «አንተ» ትለው የነበረች ልጅ፣ ሲገባ ብድግ ትልና «ደህና ዋሉ? ይቀመጡ» ትለዋለች።

«አንተ በይኝ እንጂ፣ ልጄ» ብሎ ለምኗታል።

«እሺ፣ እንዳሉ» አለችው።

እስከ ዛሬም አንተ አላለችውም።