ሳልሞት አትገንዢኝ

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ ከዳንግላ ገበያ በላይ ወደነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የእንጨት ሣጥን መጣ። ሲከፈት ሬዲዮ የሚመስል መሣሪያ፣ አምስት ባለቀለም ሽቦ፣ ጥቅል ወረቀትና አንዲት ቀጭን መርፌ ወጣ። የልብን አመታት ወረቀት ላይ ይጽፋል ተባለ። ያገሬው ሰው ስም ማውጣት አይቸግረውምና በሳምንቱ «የልብ መኪና» አለው። አንዱ «ኃጢአት ይቆጥራል» አለ። ሌላው «ባል ሚስቱን ይወድ እንደሆነ ይናገራል» ብሎ አስወራና ባሎች ለጥቂት ጊዜ በክሊኒኩ ደጅ ማለፍ ተዉ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ጎንደር ተምሮ የመጣ፣ ስማቸው የሚባል የጤና መኮንን ነበር። ቀልድ ይወዳል፤ በሥራው ግን አይቀለድም። መኪናውን የምታንቀሳቅስለት ሰው ሲፈልግ ያለምወርቅን መረጠ። ያለምወርቅ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ከቆሰበር አጠገብ ካለ መንደር የመጣች፣ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት እጇ የተመሰከረለት ድሬሰር።

«የአሥር ሰው ልብ ታነሺያለሽ» አላት። «አሥሩን ወረቀት አዲስ አበባ ለልብ ሐኪሙ እንልካለን። ንጹሕ ሆነው ካገኛቸው ለአንድ ዓመት ይጠራሽና ሙያውን በደንብ ትማሪያለሽ። ካላገኛቸው እዚሁ ቁስልሽን ታጥቢያለሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለምወርቅ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ቀዩ ለቀኝ እጅ፣ ቢጫው ለግራ እጅ፣ አረንጓዴው ለግራ እግር፣ ጥቁሩ ለቀኝ እግር፣ ነጩ ለደረት፤ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው መንገድ ለመንገድ ትለዋለች። መጀመሪያ ላይ የተኛው ሰው ቀኝ በእሷ ግራ በኩል እየሆነ ተቸገረች። ዘበኛውን ደርበውን አስተኝታ ተለማመደችበት፤ ደርበውም ከሥራው ሁሉ ይህን እንደሚወድ ተናግሮ ያንኮራፋ ነበር። ጨርቁን በጨው ውሃ መንከር፣ ብረቱን በላዩ ላይ አድርጎ በላስቲክ ማሰር፣ ሰውየው እንዳይናገርና እንዳይነቃነቅ መንገር፤ ይህን ሁሉ ቻለችው። ወረቀት ከወረቀት እንዳይደባለቅ ደግሞ የታማሚው ስም አስቀድሞ በቀለም ይጻፋል። ስማቸው በዚህ ላይ ጥብቅ ነበር።

«ስሙን አንቺ ትጽፊያለሽ» ይላት ነበር፤ «ሌላውን መርፌው ይጻፈው። መርፌው ያልጻፈውን አንቺ እንዳትጽፊ።»

እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ዘጠኝ ወረቀት ሞላላት። አሥረኛ ሆነው የመጡት አሳዳጊዋ አያ ደሴ ነበሩ።

አያ ደሴ ማን እንደሆኑ መናገር ያስፈልጋል። የያለምወርቅ አባት ደጉ በወባ ሲሞት እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ደሴ የደጉ የፈረስ ጓደኛ ነበሩና «የጓደኛዬ ልጅ ሜዳ ላይ አትቀርም» ብለው ወሰዷት። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን» የሚለውን ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ቆሰበር ትምህርት ቤት አስገቧት። ወንዝ በሞላ ጊዜ ዳማ ፈረሳቸው ላይ ከፊታቸው አስቀምጠው ያሻግሯት ነበር። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ ሲሰለፍ ከፊት የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ያን ዓመት ግን ሲያርሱ ድንገት ወድቀው ሞፈሩ ሥር ተገኙ፤ ትንሽ ቆይተውም ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሡ። ሚስታቸው እናትነሽ አልቅሳ፣ ለምና፣ ወደ ዳንግላ ሰደደቻቸው።

ስማቸው በዚያ ሰሞን ወደ ጫግኒ ለፈንጣጣ ክትባት ወርዶ ነበር። ማታ ይመለሳል፤ በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡሱ አሥሩ ወረቀት ይላካል። ያለምወርቅ አያ ደሴን ስታይ ደስ አላት። ጉልበታቸውን ሳመች፣ ወረቀቱን ዘረጋችና ከላዩ ላይ በሚያምር ጽሕፈት የአያ ደሴን ስም ከነአባታቸው ጻፈች።

«እዚህ ላይ ይጋደሙ፣ አባባ።»

«አንቺ ቆመሽ እኔ ልጋደም?» አሉ፤ ሆኖም ሊያስደስቷት ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ቀዩን ቀኝ እጃቸው ላይ አሰረች። ቢጫውን ግራ እጃቸው ላይ አሰረች። ወደ እግራቸው ጎንበስ ስትል ግን እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ይኸስ?»

«ማሰሪያው ነው፣ አባባ። አራቱንም ካላሰርሁ መርፌው አይጽፍም።»

ደሴ የታሰሩትን እጆቻቸውን አዩ። በዚያ አገር ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እጅና እግሩ ታስሮ፣ ሌሎች በላዩ የሚቆሙበት ቀን አንድ ነው።

«እጅና እግሬን የሚያስሩ ሌሎች ናቸው፤ ቀኑም ገና ነው» አሉ በለሆሳስ። «ሳልሞት አትገንዢኝ፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ «ግድ ነው፤ ይተኙ» ማለት ነበረባት። ለዘጠኙ ሰዎች ብላዋለች። ለእኚህ ሰው ግን አፏ እሺ አላላትም። ወንዝ ያሻገራትን እጅ እንዴት አድርጋ ትዘዝ? ይሉኝታ ይዟት ማሰሪያውን ፈታች። እሳቸውም ግንባሯን ስመው፣ በቅል ያመጡላትን ማር አስረክበው፣ ከቆሰበር ሰዎች ጋር ሄዱ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ስሙ አለ፤ ልቡ የለም።

ያለምወርቅ ብዙ ቆማ አየችው። አሥር ያልሞላ አይላክም። የነገው አውቶቡስ ካለፈ ሌላ ሰው ይጠራል ብላ ፈራች። አያ ደሴ እንደሆኑ ብርቱ ናቸው፤ መውደቃቸው የፀሐይ ነው፣ የድካም ነው፤ እንዲህ እያለች ራሷን አታለለች። በሩን ቀረቀረች። አልጋው ላይ ወጥታ ማሰሪያዎቹን እጇና እግሯ ላይ አሰረች፤ የመጨረሻውን በጥርሷ ሳበችው። መኪናውን ነካችና ተጋድማ ዝም አለች። መርፌው የእሷን ልብ በደሴ ስም ጻፈ። ከአሥሩ ያማረው ወረቀት እሱ ሆነ።

ማታ ስማቸው በፋኖስ እያገላበጠ አያቸው። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«እኚህ ሰው ስንት ዓመታቸው ነው? የሃያ ዓመት ጎረምሳ ልብ እኮ ነው ያላቸው! ለጥር ጊዮርጊስ ይጋልቡ በያቸው።»

ያለምወርቅም ይህንኑ ላከችባቸው። ምን ታድርግ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሷ ግን ገና እየሮጠች ነበር።

ጥር ሃያ ሁለት ቀን እናትነሽ ዳንግላ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

«መውደቁ ሁለት ጊዜ ደገመው» አለች። «አንዴ ከብቶቹ በረት፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ‹አትጋልብ› ስለው ‹ወረቀቱ ደህና ነህ ብሎኛል› ይለኛል። አንቺ ነሽ ያነሳሽው፤ እውነት ደህና ነው?»

ያለምወርቅ ቀጥ ብላ ወደ ስማቸው ክፍል ገባችና የሠራችውን ሁሉ ተናገረች። ስማቸው አልጮኸም፤ ቢጮኽ በተሻላት ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«አዲስ አበባን እርሺው» አላት። «ለሐኪሙ እውነቱን እጽፍለታለሁ። ነገ ግን ሰውየውን ሳትይዢ እንዳትመለሺ። ፈረስ ላይ ሆነው ቢወድቁ የገደልናቸው እኛ ነን።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ቆሰበር ደረሰች። ሜዳው በሰው ተጥለቅልቋል። ፈረሶቹ በቀይ ከፈይና በመርገፍ አጊጠው መሬቱን ይቆፍራሉ፤ ታቦቱ ቆሟል፤ እልልታው ይቀልጣል። አያ ደሴ ዳማው ላይ ከፊት ናቸው። እንደዚያን ቀን አምረው አይታቸው አታውቅም። ያለምወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፈረሶቹ መካከል አልፋ፣ የዳማውን ልጓም ያዘች።

«ይውረዱ፣ አባባ!»

ከጎናቸው የነበረው ክንዴ፣ የደሴ የልጅነት ጓደኛ፣ በቁጣ ጮኸ። «አንቺ! የፈረሰኛ ልጓም በበዓል ቀን! አብደሻል?»

«ወረቀቱ የእርስዎ አይደለም» አለች ክንዴን ሳታይ። «የኔ ልብ ነው። በስምዎ ውሸት ጻፍሁብዎት። የእርስዎን አላየሁትም። ይውረዱ።»

ክንዴ ምድር ላይ ተፋ። «ተማረች ያሉት ለዚህ ነው?» አለ።

ደሴ ጎንበስ ብለው እሷ ብቻ እንድትሰማ ተናገሩ።

«እኔስ አላወቅሁም ብለሽ ነው? እጄን አስረሽ ፈታሽኝ። ‹ልቡ ደህና ነው› ሲሉኝ ከየት አግኝተው አነበቡት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የምወደውን ስለነገሩኝ ዝም አልሁ።»

ወረዱ። ዳማውን ለክንዴ ሰጥተው፣ በሰው ፊት፣ በእግራቸው ተከተሏት።

ዳንግላ ሲደርሱ እጀ ጠባባቸውን ራሳቸው አውልቀው ተጋደሙ። አራቱንም አሰረች። «አይናገሩ፣ አይነቃነቁ» ብላ አዘዘቻቸው። መርፌው ሁለት ጊዜ ብድግ አለ፤ ከዚያ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ እንደገና አንድ ጊዜ ብድግ አለ። ስማቸው አይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እውነቱን ነገራቸው። ልባቸው እየቆመ ይነሣል፤ አንድ ቀን ግን ላይነሣ ይችላል። የሚያድን መድኃኒት እሱ ዘንድ የለም። ፈረስ ከእንግዲህ አይወጡም፤ ያላቸውን ጊዜ ግን ቤታቸውን ያደላድሉበት።

ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ልጅቷ ዘንድሮ አትመጣም፤ የተላኩት ሁሉ አይታመኑም፣ በዓመቱ አሥር አዲስ እውነተኛ ወረቀት ካቀረበች እናያለን ይላል። አንድ እውነተኛ ወረቀት ነበራት፣ የደሴ። ሌላ ግን ከየት ይምጣ? ወሬው ከቆሰበር እስከ አዘና ተዳርሶ «ያች ሐሰተኛዋ» ሆነች። ታማሚው ሁሉ «ስማቸው ራሱ ያንሳኝ» ይላል። ሲያዩዋት ጨርቃቸውን የሚሰበስቡም ነበሩ። ተናደደች፣ አለቀሰች፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው አለች። ክረምቱ ሲገባ ወረቀቷ ያው አንድ ነበር።

አያ ደሴ በዚያ ክረምት ብዙ ሠሩ። መሬቱን ለልጆቻቸው አካፈሉ። ሃያ ዓመት ከተኳረፉት ወንድማቸው ጋር ታረቁ። ንስሐ ገብተው ቆረቡ። በነሐሴ፣ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት፣ አልጋቸው ላይ እናትነሽን እያነጋገሩ ሳሉ አረፉ።

ያለምወርቅ ስትደርስ ተገንዘው ነበር። የታሰሩትን እጆችና እግሮች አይታ እንደ ልጅ ጮኻ አለቀሰች። ዳማው ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ ከሬሳው ኋላ ሲሳብ ክንዴ ልጓሙን ይዞ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያትም።

አርባው በወጣ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ደርበው እየሮጠ መጣ። «ፈረሰኞች ደጁን ሞሉት!» አላት። ወጥታ ብታይ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ፈረሶቻቸውን ከአጥሩ አስረው ቆመዋል። ክንዴ ከፊት ነው።

«ደሴ ሲናዘዝ አንቺንም አልረሳም» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «‹የልጄ ወረቀት ጎድሏል። የተዘጋጀሁ ሆኜ የሞትሁት በእሷ ነው። ዘጠኛችሁ ሄዳችሁ ሙሉላት› ብሎናል። እኔ አልወድሽም፤ በዓሉን አበላሽተሽብኛል። ኑዛዜ ግን ኑዛዜ ነው።»

ገባ። በርኖሱን አወለቀ፣ እጀ ጠባቡን አወለቀ፣ ሳይታዘዝ በጀርባው ተንጋለለ። እጁንና እግሩን ዘረጋላት።

«እንግዲህ ገንዢኝ» አለ።

ያለምወርቅ አዲስ ወረቀት ዘረጋችና ብዕሯን አነሣች። «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ።»

«ክንዴ ሽባባው። እንደማታውቂኝ!»

ጻፈች። ቀዩን ቀኝ እጁ ላይ አሰረች፣ ቢጫውን ግራ እጁ ላይ። ወደ እግሩ ጎንበስ ስትል ክንዴ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«አይናገሩ» አለችው። «አይነቃነቁ።»

ሽማግሌው አፉን ገጠመ። መርፌውም መጻፍ ጀመረ።