አይጥ የበላው ወረቀት

የዓለምወርቅ የቀጨኔን ቁልቁለት ያን ቀን በሩጫ ነው የወረደችው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጨት በእጇ ስታለሰልስ የኖረች አናጢ፣ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማለስለሻ ማሽን ገዝታለች! የቀራት ከሥሩ የሚለጠፈው ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

ባለሱቁ ሸፊ ክብ ክቡን ከመደርደሪያ አወረደላት። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን ብታየው ስምንት ቦታ ተበስቷል።

«ሸፊ! አይጥ የበላውን ነው ለእኔ ያስቀመጥክልኝ?»

«ኧረ የዓለም፣ እሱ እኮ...»

«በቃ! ደህናውን አምጣ።»

ሸፊ ያልተበሳውን አውርዶ ሰጣት፤ የሷን ቁጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ወርክሾፗ ገብታ ማሽኑን የዋንዛ ጠረጴዛ ላይ አስነሳችው። ዘፈነላት! እሷም አብራው ዘፈነች። ደቂቃ ሳይቆይ ግን ብናኙ ቤቱን አጨለመው፤ ወረቀቱም በዱቄት ታፍኖ እንጨቱን መንካት ተወ። ብናኙን መሰብሰብ የነበረበትን ከረጢት ብትከፍተው ባዶ ነው። ማሽኑን ገልብጣ ወረቀቱን ስትገነጥለው፣ ብናኝ የሚስቡ ስምንት ቀዳዳዎች ከሥሩ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት።

በሳቅ ፍርስ አለች። ቅንድቧ እንደነጣ ቁልቁለቱን ዳግመኛ በሩጫ ወረደችው።

«ሸፊ፣ አይጥ የበላውን ስጠኝ!»

ሸፊ ጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

«አይጧ ሥራ ታውቃለች» አላት። «ሻካራውን ሰማንያ ቁጥር ለመጀመሪያ፣ ለስላሳውን መቶ ሃያ ለመጨረሻ በልታልሻለች።»